ጥቁር ነጥብ ሁሉ አንድ ነው ወይ? አንድ አቋምና 22 መልስ

የውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ይዞ የመጣው ጥያቄ አይደለም፤ ድፍን ያለ አቋም ነው። ፊት ላይ የሚቀር ጥቁር ነጥብ ከብጉር ይምጣ ከፀሐይ፣ ከእርግዝና ይምጣ ከቁስል፣ ዞሮ ዞሮ የሜላኒን መብዛት ነው ይላል። ሜላኒንን የሚሠራው ሜላኖሳይት የተባለው ሕዋስ ነው፤ ሥራውን የሚያስኬድለት ደግሞ ታይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም። ኢንዛይሙን ማገድ ከተቻለ የነጥቡን የዘር ሐረግ መቁጠር ምን ያደርጋል ባይ ነው። ማዘዣውም አጭር ነው፦ ማታ ማታ ኢንዛይሙን የሚያግድ 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን ክሬም፣ ጠዋት ጠዋት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)፣ ከዚያ የሦስት ወር ትዕግሥት። አልለቅ ያለው ሰው ትዕግሥት ያነሰው ነው ሲል ደመደመ። መልሶቹን እንደ አመጣጣቸው አስቀምጣለሁ፤ የተደጋገመውን አሳጥሬ፣ ፍሬ ያለበት ላይ ቆም እያልኩ።

መልስ 1 በምስጋና ገባ። ስለ ኢንዛይሙ የተባለውን ተቀብሎ፣ በአንድ ቃል የታለፈው ሰንስክሪን ግን ከሃይድሮኪኖኑ መቅደም እንዳለበት አሳሰበ። ስሌቱንም ሠርቶ አቀረበ። ቱቦው ላይ የተጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር (ኤስፒኤፍ) የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው። ለፊትና ለአንገት ወደ 1.25 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ በጠቋሚና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ሁለት መስመር ማለት ነው። እንዲህ ከተቀባ 50 ሚሊ ሊትር የያዘ ቱቦ 40 ጊዜ ያስቀባል፤ ደጅ ለሚውልና በየሁለት ሰዓቱ ለሚደግም ሰው ደግሞ ወር አይሞላም። አንድ ቱቦ አራት ወር የቆየለት ሰው በቀን አንዴ ብቻ ተቀብቶ እንኳ ፊቱ ያገኘው ከሚገባው ሲሶውን ነው።

መልስ 2 አጀማመሩ ትሑት ቢሆንም የነካው ግን የአቋሙን መሠረት ነው። ጥያቄው ሜላኒኑ ምን ያህል በዛ ሳይሆን የት ተቀመጠ ነው አለ። ሜላኖሳይት የሚኖረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ወለል ላይ ነው። እዚያ የተሠራ ቀለም ለአጎራባች ሕዋሳት ይታደላል፣ ከእነሱ ጋር ወደ ላይ እየተገፋ መጨረሻ ላይ ይረግፋል፤ በወጣት ሰው አንዱ ዙር አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይረዝማል። ከወለሉ አልፎ ወደ ታችኛው ሽፋን የወደቀ ቀለም ግን መውጫ የለውም። ማክሮፋጅ የሚባሉት ሕዋሳት ውጠውት ይቀመጣሉ፣ ለዓመታት። ኢንዛይም ማገድ አዲስ ቀለም እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ የወደቀውን አያነሳም። የላይኛው ቀለም ቡናማ ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ዳሩ ይለያል፤ የታችኛው አመድማ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆኖ ዳሩ ይደበዝዛል። በአንድ ፊት ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ሊገኙ ስለሚችሉ ግማሹ ነጥብ በሦስት ወር ለቆ ግማሹ ንቅንቅ የማይለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀለሙ እንዴት እንደሚወድቅ አሳየ። ሁለት ጣት ብጉሩን ከግራና ከቀኝ ሲጫነው መግሉ ግማሹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግማሹ የፀጉሩን ከረጢት ግድግዳ ቀድዶ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ብግነቱ ይሰፋል፣ የወለሉ ሕዋሳት ይጎዳሉ፣ የያዙት ቀለም ወደ ታች ይንጠባጠባል። በሳምንት ይደርቅ የነበረ ብጉር ዓመት የሚቆይ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ የብጉር ጥቁረት ሕክምና የሚጀምረው ከብጉሩ ነው፤ አዲስ ብጉር እየወጣ አሮጌ ነጥብ ማንጻት ቀዳዳ በርሜል እንደ መሙላት ነው አለ። በርሜሉ ስድስት መልስ በኋላ መቀለጃ ሆኗል፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበረች፦ ማድያትስ? ቁስል የለው፣ ብጉር የለው፣ ደግሞ በሁለቱም ጉንጭ ላይ እኩል ነው የሚወጣው።

መልስ 4 ለዚያች አንድ መስመር የተሰጠ ረጅም መልስ ነው፤ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል። ማድያት በጉንጭ አጥንት፣ በግንባር፣ በላይኛው ከንፈር ላይ፣ አንዳንዴም በአገጭ ይወጣል። ግራውና ቀኙ ይመሳሰላል፣ ዳሩ እንደ ካርታ ወጣ ገባ ይላል፣ አያሳክክም፣ አይቀረፍም፣ ሲዳሰስ ከጤነኛው ቆዳ አይለይም። የሚቀሰቅሱት እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና ብርሃን ናቸው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። ከወሊድ በኋላ ብዙዎቹ ላይ ይደበዝዛል፣ አንዳንዶቹ ላይ ይቀራል። እንክብሉ ላይ እያለች ማድያት የወጣባት ሴት ክሬም ከመለወጧ በፊት የመከላከያውን ዓይነት ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት፤ መቀስቀሻው በየቀኑ እየተዋጠ ክሬሙ ብቻውን አያሸንፍም።

ብዙዎችን ያስደነገጠው ግን ስለ ብርሃን የጻፈው ነው። ተራ ሰንስክሪን የሚያግደው አልትራቫዮሌትን ነው። ማድያትንና ጠየም ያለ ቆዳን የሚያጠቁረው ግን በዓይን የሚታየውም ብርሃን ጭምር ነው፣ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር ያለው፣ በተለይ ሰማያዊው። ይህን ግልጽ ወይም ነጭ ሰንስክሪን በወጉ አያቆመውም። የሚያቆመው አይረን ኦክሳይድ ነው፤ ለሰንስክሪን የቆዳ መልክ የሚሰጠው ቡናማ ቀለም። ስለዚህ ማድያት ያለበት ሰው ባለቀለሙን ይምረጥ፣ ከኋላው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ላይ አይረን ኦክሳይድ መኖሩን ይይ። መስኮት አጠገብ የሚሠራም ከዚህ አያመልጥም፤ ተራ መስተዋት አልትራቫዮሌት ቢን ያስቀራል፣ አልትራቫዮሌት ኤንና የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። ማድያት ድኖ የሚረሳ ሳይሆን ተይዞ የሚኖር ነገር ነው ብሎ ጨረሰ፤ ከደበዘዘ በኋላ ጠንካራው ክሬም ይቆማል፣ ባለቀለሙ ሰንስክሪን ግን አይቆምም።

መልስ 5 ቱግ ብሎ መጣ። ጥቁር ቆዳ ሰንስክሪን አያስፈልገውም፤ ሜላኒኑ ራሱ መከላከያው ነው፣ ይህ ሁሉ ወሬ የሻጮች ነው አለ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ፊት ይዞ ከመዞር ነጥቡ ይሻላል ሲልም አከለ።

መልስ 6 አልተቆጣችም። ግማሹ ልክ ነው አለች፤ ጥቁር ቆዳ በፀሐይ የመቃጠል ዕድሉ ያነሰ ነው። ነገር ግን የሜላኖሳይት ብዛት በነጭም በጥቁርም ቆዳ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚያመርቷቸው የቀለም እንክብሎች መጠን፣ ብዛትና አደራደር ላይ ነው። ፈጥኖ የሚያመርት ሕዋስ ለጭረቱም፣ ለቃጠሎውም፣ ለትንኝ ንክሻውም ምላሹ ቀለም ነው። ስለዚህ እዚህ ሰንስክሪን የሚቀባው ለቃጠሎ ሳይሆን ለቀለም ነው። ለዱቄቱ ነገር ወደ መልስ 4 መለሰችው፤ ባለቀለሙ ያን ችግር ራሱ ይፈታዋል። መልስ 5 ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ አልተናገረም።

መልስ 7 ሌላ በር ከፈተ። ክሬም ከመግዛት በፊት ዓይን ጨፍኖ ነጥቡን በጣት ጫፍ መዳሰስ ይገባል አለ። ጣቱ ምንም ካልተሰማው ቀለም ነው። እንደ ሰሊጥ ፍሬ እብጥ ያለ ነገር ከነካ ግን ቀለም ሳይሆን የበቀለ ቆዳ ነው፤ በጉንጭና ከዓይን ሥር በብዛት የሚወጡት ትንንሽ ጥቁር እብጠቶች ዴርማቶሲስ ፓፑሎሳ ኒግራ ይባላሉ። ጉዳት የላቸውም፣ በቤተሰብ ይወርዳሉ፣ ሃይድሮኪኖን ዓመት ቢቀባም አይነካቸውም። ያስጠላኝ የሚል ሰው በሐኪም ተቆርጠው ወይም በኤሌክትሪክ ተተኩሰው ይነሱለታል፤ አተኳኮሱ ከጠነከረ ግን በቦታቸው ሌላ ጥቁረት ይተካል። ደረትና ጀርባ ላይ ያለው ነጥብ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ያለ ቅርፊት ካራገፈ ደግሞ ቋቁቻ ነው፣ ፈንገስ። 2.5 በመቶ ሰሊኒየም ሰልፋይድ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይታጠባል፣ ለ7 ቀን። ፈንገሱ ሞቶም ቀለሙ ለመስተካከል ወራት ስለሚወስድ ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደጋግመዋል፤ የሚታየው ምልክት ቅርፊቱ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

መልስ 8 ማጅራትን አነሳች። ማጅራት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ቆዳው ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ሲለሰልስና ሲጠቁር እድፍ አይደለም። ስሙ አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰውነት ኢንሱሊንን እንደሚገባ አለመጠቀሙ ነው። ትርፍ ኢንሱሊን የቆዳውን ሕዋሳት ያባዛቸዋል። በሻካራ መረብ መፈግፈግ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም መፈግፈጉ ራሱ ቆዳ ያጠቁራል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ክሬም ሳይሆን በባዶ ሆድ የሚወሰድ የደም ስኳር ምርመራና ኤችቢኤዋንሲ (የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ነው፤ ክብደት ሲቀንስና ስኳሩ ሲስተካከል ጥቁረቱም አብሮ ይሳሳል። የበርሜሉ ቀልድ የመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ይሄኛው በርሜል ከታች ሳይሆን ከላይ ነው የሚፈሰው ብላ መልስ 2ን ጎሸም አደረገችው።

መልስ 9 አጭር ሆኖ ስለታም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አስቡ አለ፦ እጁ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ጥቁረት አለችው፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ትቀላለች፣ ታቃጥላለች፣ አንዳንዴ ውሃ ትቋጥራለች፣ ከዚያ ከበፊቱ ጠቁራ ትቀመጣለች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ይህ የመድኃኒት ቁጣ ነው፤ ኮትሪሞክሳዞል፣ ቴትራሳይክሊንና አይቡፕሮፌን ከሚታወቁት ቀስቃሾች ውስጥ ናቸው። ከንፈርና የብልት አካባቢም ይወዳል። በቀላችበት ቀንና ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የተዋጠውን ሁሉ መመዝገብ፣ ምዝገባውን ለሐኪም ማሳየት፤ መድኃኒቱ እስካልታወቀ ድረስ ማንኛውም ማንጫ ከንቱ ነው።

መልስ 10 ክሩን የከፈተው ሰው ነው፣ ቅር ብሎታል። ስለ ጠፍጣፋ ነጥብ ነው የጻፍኩት፣ እናንተ የቆዳ በሽታ ሁሉ ሰበሰባችሁ የሚል መንፈስ ነበረው። ያበጠውንና ማጅራቱን ከአቋሙ አወጣ፤ ሃይድሮኪኖኑን ግን አልለቀቀም።

መልስ 11 ክርክሩን ትታ ወደ ክሬሙ ወረደች። ሃይድሮኪኖን እንደሚሠራ ማንም አይክድም፣ ችግሩ አቀባቡ ነው። ለጥቂት የብጉር ነጥብ ተብሎ ፊት በሙሉ አይቀባም። ከነጥቡ ዳር ያለፈው ክሬም ጤነኛውን ቆዳ ያነጣውና በዙሪያው እንደ ቀለበት ፈዛዛ ክብ ይሠራል፤ ያኔ ጥቁሩ ከበፊቱ ጎልቶ ይወጣል። የጆሮ ጥጥ ጫፍ ክሬሙ ላይ ነካ አድርጎ ነጥቡ መሐል ማሳረፍ፣ ዳር ሳይደርሱ ማቆም። ከመጀመሩ በፊት ክንድ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀብቶ 24 ሰዓት መጠበቅ፤ ካሳከከ ወይም ውሃ ከቋጠረ መተው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ካለበት የብጉር መድኃኒት ጋር ባንድ ጊዜ አይቀባም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቆዳው ላይ ቡናማ እድፍ ይፈጥራሉ። እድፉ በሳሙና ይለቃል፣ ግን ብዙ ሰው አጠቆረኝ ብሎ የሚሸሸው በዚህ ነው። ክሬሙ አየርና ብርሃን ይበላሽበታል፤ ነጭ የነበረው ወደ ቡናማ ከዞረ መጣል እንጂ መጨረስ አይደለም።

ስለ ጊዜም ጨመረች። ለውጥ መታየት የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ነው። በሁለት ሦስት ወር ምንም ካልታየ ይቆማል፤ የተሳካለትም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ከዚያ አያርቀውም። ለዓመታት ሲቀጥል የሚመጣው ኦክሮኖሲስ ነው። ጉንጭ አጥንት ላይ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ቆይቶ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ያወጣል። ወጥመዱ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሰውዬው ማድያቱ የባሰበት መስሎት ክሬሙን ያበዛል። ሲቀቡት እየጠቆረ የሚሄድ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚቆመው የሚቀባው ነው።

መልስ 12 ታሪክ አመጣ። ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይን (የቫይታሚን ኤ ዝርያ የሆነ የሚቀባ መድኃኒት) እና ብግነት ከሚያበርደው ስቴሮይድ ጋር መቀላቀል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ የዚያን ጊዜው ቅልቅል 5 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 0.1 በመቶ ትሬቲኖይንና 0.1 በመቶ ዴክሳሜታሶን ነበር። ኋላ የመጣው 4 በመቶ፣ 0.05 በመቶና ደካማ የሆነ 0.01 በመቶ ፍሉኦሲኖሎን ነው፤ ለማድያት የሚታዘዘውም ለስምንት ሳምንት ያህል ነው። ስቴሮይዱ እዚያ የገባው በዋናነት የሌሎቹን ቁጣ ለማብረድ እንጂ ቆዳ ለማንጻት አይደለም። ትሬቲኖይን ብቻውን ለሚጀምርም መመሪያ ጻፈ፦ ፊት ታጥቦ 20 ደቂቃ ይደርቃል፣ አተር የምታህል መጠን ለፊት በሙሉ፣ የዓይን ቆብና የከንፈር ጥግ ሳይነካ፤ መጀመሪያ በየሦስት ሌሊቱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት እየዘለሉ። ከላላጠና ከቀላ ሌሊት መዝለል፤ ተቆጥቶ የሚላጥ ቆዳ ራሱ ሌላ ጥቁረት ነው የሚወልደው።

መልስ 13 የመልስ 12ን የስቴሮይድ ነገር ይዛ ወደ ስም አልባ ማሰሮዎቹ ሄደች። በሳምንት የሚያነጣ፣ የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለው ክሬም ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው፣ ማለትም ብርቱ ስቴሮይድ። መጀመሪያ ፊቱ ይጠራል፣ ብጉሩም ይተኛል። ወራት ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ጥቃቅን ደም ሥር ይታያል፣ አፍ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበዛል። ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ተመልሶ ይጠቁራል፤ ሰው ይደነግጥና እንደገና ይቀባል። ለረጅም ጊዜ በሰፊው የተቀባ ሰው በድንገት ከማቆም በፊት ሐኪም ያማክር፤ የአድሬናል ዕጢው ሥራ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል።

መልስ 14 ላይ ድምፁ ጠነከረ። ሰው ታስፈራራላችሁ፣ አማራጭ አትሰጡም፣ ሁሉን ነገር ሐኪም ሐኪም ትላላችሁ ብሎ ወረደባቸው። በዚህ ንዴት ውስጥ አንድ ልክ ነገር ነበረች፦ ከ11 እስከ 13 ድረስ አትቀቡ የተባለው ብዙ፣ ተቀቡ የተባለው ጥቂት ነው።

መልስ 15 ለዚያ ንዴት ጀርባውን ሰጥቶ ማስፈራሪያውን ጨመረ። ሜርኩሪም አለ አለ። ታይሮሲኔዝን ስለሚያግድ ያነጣል፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ማሸጊያው ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ አዮዳይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ ተብሎ ይጻፋል፣ ወይም ጭራሽ አይጻፍም። ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአሉሚኒየምና ከጌጣጌጥ አታነካኩ የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ክሬም ራሱን አጋልጧል፤ ሜርኩሪ ከብረቶቹ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ስለ ሜርኩሪ የተደረገ ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ከልክሏል። ሃይድሮኪኖንንም የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ከቆዳ ማንጫ መዋቢያዎች አስወጥቶታል፤ አሜሪካም በ2020 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጋለች። ለከፋቹ የተላከ መልእክት ነበር።

መልስ 16 የጠየቃት ባይኖርም ስለ ሎሚ ጻፈች፣ ደግ አደረገች። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ የቆዳ ከ4.7 እስከ 5.5፤ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ከ8 በላይ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው የቆዳውን መከላከያ ያፈርሳል። ሎሚ ውስጥ፣ በተለይ በአረንጓዴው ልጣጭ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለ፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያስቋጥርና በፈሰሰበት መስመር ልክ ጥቁረት ይተዋል።

መልስ 17 ከመንገድ ወጣ። ሰማያዊ ብርሃን ከተባለ የስልክ ስክሪንስ እያጠቆረን አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰው ተረባረበበት፤ ከስክሪን የሚወጣው ብርሃን ከቀን ብርሃን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ተብሎ ተዘጋ።

መልስ 18 የመልስ 14ን ቅሬታ ያነሳው ብቸኛ ሰው ነው። ተቀቡ የሚባለውን ዘረዘረ። አዘላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ጠዋትና ማታ፤ ብጉሩንም ጥቁረቱንም አንድ ላይ ይይዛል፣ ነፍሰ ጡርም ትቀባዋለች። ትሬቲኖይንና ሃይድሮኪኖን ግን በእርግዝና ጊዜ ይቆማሉ። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆጥቆጡና ማሳከኩ የተለመደ ነው፣ ቆዳው ደርቆ ሲቀባ ይቀንሳል። ናያሲናማይድ ከ4 እስከ 5 በመቶ፤ ቀለሙ እንዳይሠራ ሳይሆን ወደ አጎራባች ሕዋሳት እንዳይታደል ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አይጋጭም። ቫይታሚን ሲ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ጠዋት ከሰንስክሪን በፊት፤ ወደ ቡናማ ከዞረ ይጣል። ሁሉንም ባንድ ቀን መጀመር ክልክል ነው፤ አንዱን ሁለት ሳምንት ለብቻው፣ ቢቆጣ ማን እንዳስቆጣው እንዲታወቅ። ለውጡን በየቀኑ መስተዋት ላይ ከመፈለግ በየአራት ሳምንቱ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ እዚያው ሰዓት ፎቶ ማንሳት ይሻላል አለ። መልስ 14 ለዚህ አመሰገነ፤ ክሩ ውስጥ ጠብ የበረደበት አንድ ቦታ ይሄ ነው።

መልስ 19 ስለ ሌዘርና ስለ ኬሚካል ልጠት ነው። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ሌዘሩ የነጥቡን ቀለም ከጤነኛው መለየት ስለሚያቅተው ራሱ አቃጥሎ ጥቁረት ይተዋል፤ ማድያት ደግሞ ለጊዜው ጠርቶ የባሰ ሊመለስ ይችላል። የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነው ሌዘር በዝቅተኛ ኃይል ከሌሎቹ ይሻላል፣ እሱም በለመደ እጅ። ለልጠት የሚቀባው ግላይኮሊክ አሲድ በሰዓቱ በሶዳ ውህድ ካልተመከተ ወደ ውስጥ መብላቱን ይቀጥላል፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። የሚዋጠውን ትራኔክሳሚክ አሲድም አነሳ፣ ለማድያት 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ የሚታዘዝ፤ ደም መርጋት ያጋጠመው ወይም ኢስትሮጅን ያለበት መከላከያ የምትወስድ ግን በራሷ እንዳትጀምረው።

መልስ 20 ከሁሉ አጠረ። በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር አዲስ የወጣ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ጥቁረት ይህ ክር አይመለከተውም። በጥፍሩ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ወደ ጥፍሩ ሥጋ ከተሻገረ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በብዛት የሚወጣው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

መልስ 21 ከፋቹ ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉን አስተካክሏል። አንድ ነው የሚለውን ሰርዞ ጠፍጣፋ፣ ቡናማና ብግነቱ ያበቃ ነጥብ ብሎ ተካው። ሃይድሮኪኖኑን ከአዘላይኩ በታች አወረደው፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚል ጨመረበት፣ ሰንስክሪኑን ወደ ላይ አወጣው። ትዕግሥት ስለሚያንሰው ሰው የጻፈውን ግን እንዳለ ተወው።

መልስ 22 እሱን ነው የነካው። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ክሬሙ ከተገዛበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው ብጉር ከደረቀበት ቀን ነው አለች፤ በመሐል አንድ ከፈረጠ ለዚያ ቦታ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ከፋቹ እስካሁን አልመለሰም።